ሌሊቱስ ስንት ዲግሪ ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

የመጪውን ሳምንት የበጋ የአየር ትንበያችሁን አነበብኩት። የሰባቱም ቀን ከፍተኛ ሙቀት አለ። ሌሊቱስ? አንድም ቦታ አልተጻፈም። እኔ ደግሞ የምፈራው ሌሊቱን ነው። ቀኑ 36 ዲግሪ ደርሶ ሌሊቱ 18 ከወረደ ሰውነት ያርፋል። 26 ላይ ከቀረ ግን ትራስ እያገላበጡ ማንጋት ነው። በማግስቱ ያው ሙቀት ይመጣል፣ ያውም እንቅልፍ ባጣ ሰው ላይ።

የምታወጡት ቁጥር የሚለካው በጥላ ነው፤ አየር በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ። አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ግን ሳጥን ውስጥ አይደለም! እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ላብ ቶሎ አይተንም፤ 32ቱ እንደ 38 ሊከብድ ይችላል።

የሰባተኛው ቀን ቁጥርም እንደ ነገው እርግጠኛ መስሎ ባይወጣ ደስ ይለኛል። ቀኑ በራቀ ቁጥር ትንበያው ይላላል። «ከ33 እስከ 37» ብትሉ ማን ይቀየማል?

እስቲ ለሌሊቱ አንድ መስመር ጨምሩልን።

እንቅልፍ ያጣ አንባቢያችሁ