ለእህቴ፣ ከአበርጋቨኒ፣ ዌልስ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለእማዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሆነውን ገንዘብ ሰኞ ዕለት ልኬአለሁ፤ የሚተርፈው ለሠርግሽ ይሁን። ከየት አመጣሽው ብለሽ አትጨነቂ፣ ሥራው አይከብድም።

የዘገየሁት ግን በሌላ ነው። «ልጅሽ አያቷን በእንግሊዝኛ አናገረቻት፤ እማዬ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ አገርሽን ረሳሽ» ያልሽው ውስጤ ገብቶ መልስ አሳጣኝ። አልረሳሁም። ስለ አንዲት የዚህ አገር ሴት ላጫውትሽና ትረጂኝ ይሆናል።

በፈረንጆቹ ማርች 1፣ በቅዱስ ዴቪድ በዓላቸው፣ የዌልስ ሴት ልጆች ረጅም ጥቁር ባርኔጣና ቀይ ሻርፕ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የእኔዋም ለብሳ ሄደች። ይህ ልብስ የአገር ልብስ ተብሎ እንዲከበር ብዙ የደከመችው በፈረንጆቹ 1802 እዚሁ አጠገባችን ላንኦቨር የተወለደችው ኦጋስታ ሆል ናት። ወላጆቿ እንግሊዛውያን፣ ባለጸጎች ነበሩ፤ ዌልስኛ የአፍ መፍቻዋ አልነበረም። በዘመኗ ቋንቋው ይናቅ ነበር። በ1847 መንግሥት የላካቸው መርማሪዎች የሕዝቡን ኋላ መቅረት በዌልስኛ አሳበቡ፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤትማ ዌልስኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጅ ነው እኮ!

እርሷ ግን ገና በ1834 በካርዲፍ በተደረገው አይስቴድቮድ በሚሉት የግጥምና የዜማ ውድድር፣ ቋንቋውንና የአገሩን ልብስ ጠብቆ ማቆየት ስላለው ጥቅም ጽፋ ተሸልማለች። ከዚያ ወዲያ በጽሑፍ ብቻ አልቆመችም። ቤቷን የዌልስኛ ቤት አደረገችው፤ ሠራተኞቿ የአገሩን ልብስ ለብሰው በዌልስኛ ይነጋገሩ ነበር። ባለ ሦስት ረድፍ አውታር የሆነው የዌልሶች በገና እንዳይጠፋ በገና ደርዳሪ በቤቷ አኖረች፤ የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ገዝታ አስቀመጠች፤ በ1867 የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። በ1896 ስትሞት 93 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ልጄ ዌልስኛ በትምህርት ቤት ትማራለች፤ የመንገዱ ምልክት ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው።

ታዲያ እኔ እንደ እርሷ የማዘው ሠራተኛ የለኝም። ከሌሊት ሥራ ተራዬ ስመለስ ልጅቷ ለትምህርት ቤት እየለበሰች ነው፤ አቅፌአት ትወጣለች። ያችኑ ደቂቃ በአማርኛ ነው የማሳልፋት። ቅዳሜ እንጀራ ስንጋግር ምጣዱ ፊት አቁሜ «ዓይን አወጣ፣ ክደኚው» እላታለሁ፤ ትከድነዋለች፤ ደግሞ «እማ፣ አያቴ ምጣድ ትልቅ ነው?» አለችኝ። ሰዋስዉ ቢሰበርም አማርኛ ነው! ይህን ለእማዬ ንገሪያት። የእማዬ ምጣድ ጢስ፣ የበርበሬው ስጥ፣ ያ ግቢ ሁሉ መጣብኝና ፊቴን አዙሬ ቆየሁ።

ሠርግሽ ላይ አለመኖሬን አታንሺብኝ፤ ወረቀቴ አላለቀም። እልልታውን ብቻ በስልክ አሰሚኝ። የእማዬ ፋሻ ሲነሣ ያንኑ ዕለት ደውዪ። እስከዚያ እሑድ እሑድ ተረት ትንገራት። ልጅቷ ያልገባትን ትድገምላት፣ በእንግሊዝኛ ብትመልስላትም ስልኩን አትዝጋባት።

እህትሽ