የጣና ደሴቶች ጉዟችን ለምን ሦስት ቀን ሆነ?

ጎንደር

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን «ጣና ሐይቅ ላይ ያለችው ደቅ ደሴት ደርሰን በዚያው ቀን ለምን አንመለስም?» የሚል ጥያቄ በብዛት እየደረሰን ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲያ ነበር የምንሄደው። አሁን ትተነዋል።

በጀልባ የምንሳፈርባት የሐይቁ ዳር ከተማ ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ የተንጣለለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ማለዳ ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ደቅ ለመድረስ እንደ ጀልባው ሞተር ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ማዕበሉን መሀል ሐይቅ ላይ መጋፈጥ ነው። አምና ልጆች ይዘን ይኸው ገጠመን። ማንም አልተጎዳም፤ የእናቶቹ ፊት ግን ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጎርጎራ ገብተን ደብረ ሲና ማርያምን እናያለን፣ እዚያው እናድራለን። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በጀልባ እንነሳለን። ደቅ ላይ በድንኳን አድረን በሦስተኛው ቀን ማለዳ እንመለሳለን። ዋጋው ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ የሁለት ሌሊት አዳርና ምግብ ተጨምሮበታል።

ትርፉ ግን ብዙ ነው። ደቅ ላይ ያለውን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተረጋግታችሁ ታያላችሁ። ያሠሩት የቁስቋሟ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የቁስቋም ግቢያቸውን እዚህ ጎንደር ያየ ጎንደሬ ሥዕሎቹ ፊት ሲቆም ስሜቱ ሌላ ነው! የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈው ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ በዳጋ ደሴት ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው።

ዳጋ ሴቶች አይገቡም። ይህን ቀድመን ባለመናገራችን ቅር የተሰኙ እህቶቻችን አሉ፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእንግዲህ ወንዶቹ ዳጋ ሲሄዱ ሴቶቹ ናርጋ ይቆያሉ፤ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም።

ክረምት ላይ አንሄድም። ከጥቅምት እስከ ጥር ተመራጭ ነው። ነጠላና ለማለዳው ብርድ ጋቢ ያዙ። ላይፍ ጃኬት ከእኛ ነው፤ ዋናተኛም ቢሆን ሳይለብስ አይሳፈርም። ባለጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አንነሳም፤ ያን ቀን ካልሄድን የጀልባውን ገንዘብ እንመልሳለን።

ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ፣ ልጆች ካሉም ዕድሜያቸውን ከአንድ ሳምንት በፊት ንገሩን። ጃኬቱን በልካቸው እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ቢሯችን ባልደረቦች