የአራሷ መስኮት ይከፈት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

አዳማ በሚያዝያና በግንቦት እንዴት እንደምትሞቅ ለነዋሪዋ መንገር አያስፈልግም። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ በጋቢ ተጋርዷል፣ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። አልጋው ላይ አራሷ ከነሕፃኗ ብርድ ልብስ ተደርቦባታል። ይህን የሚያደርጉት እናቷና አክስቶቿ ናቸው፤ የሚያደርጉትም ስለሚሳሱላት ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ እረፍቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ይቀጥል። የኛ ቅሬታ ስለዚያ መስኮት ነው። የተዘጋ ክፍል አራሷን ማስጨነቁ ሳያንስ የአደጋ ምልክቶቿንም ይደብቃል።

ከከሰሉ እንጀምር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ ቆሞ ፍም ብቻ ሲቀር «አሁን ደህና ነው» ተብሎ ምድጃው ወደ ክፍል ይገባል፤ ጋዙ ግን አልቆመም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አራሷን ራሷን ያማታል፣ ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ «ደም ስለፈሰሳት ነው» ይባላል። ሕፃኑ ጡት መሳብ ይሰንፋል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ «ጸጥተኛ ልጅ ነው» ይባላል። ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላና ስኒው ብቻ ወደ አራሷ ይግባ። እጣኑም እዚያው ከቡናው ጋር ይጭስ፤ ጭስ የጨቅላን ሳንባ ያስቆጣል። ክፍሉ ውስጥ ከሰል እያለ አራሷንም ቡና አፍይዋንም ራስ ካመማቸው ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፤ አራሷና ሕፃኑም ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ።

ቡና ካነሣን የአይረኑ እንክብልም ነገር አለ። በእርግዝና ወቅት በየቀኑ የሚወሰደው እንክብል (60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ) ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙዎች ግን ልጁ ሲወለድ ያቆሙታል፤ የማያቆሙትም ከቡና ጋር ይውጡታል። ቡናም ሻይም አይረኑን አስረው አንጀት እንዳይቀበለው ያደርጋሉ፤ ወተትም ያዳክመዋል። አራስ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ሊፈላ ስለሚችል፣ ከቡና 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ የሚሆን ክፍተት ማግኘት ያስቸግራል። የሚቀለው ማታ ልትተኛ ስትል በብርቱካን ወይም በሎሚ ጭማቂ መውሰድ ነው። ሰገራ ቢጠቁር አያስደንግጥ፤ ከአይረኑ ነው። ድርቀት ከመጣ ተልባ፣ ጎመንና ውሃ ይጨመር። ስፌት ያላት ሴት ማማጥ የለባትም።

«መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታታል» የሚለውን ስጋት እንሰማለን። መፍትሔው አልጋውን ነፋስ ከሚያልፍበት መስመር ማራቅ ነው። ለሕፃኑ አዋቂ ከለበሰው አንድ ድርብ ብቻ ይጨመርለት፤ መሞቅ አለመሞቁም በእጁና በእግሩ ሳይሆን ደረቱን በመዳበስ ይታያል። ደረቱ ካላበው፣ ፊቱ ከቀላ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ድርቡ ይነሣለት፤ ከተገላለጠ በኋላም ትንፋሹ ካልረጋ ወደ ሐኪም ይሂድ። ወባን በተመለከተ ግን የእናቶች ስጋት ትክክል ነው፤ ቢምቢ ይገባል። መስኮቱ ከረፋዱ ጀምሮ ተከፍቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ፤ እናትና ልጅ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ የአጎበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። መሬት ላይ የተንጠለጠለ ጠርዝ ለቢምቢ በር ነው።

ውሃም አይከልከላት። የምታጠባ እናት በዚህ ሙቀት ባጠባች ቁጥር አንድ ብርጭቆ ትጠጣ። ሽንቷ ደማቅ ቢጫ ከሆነ አልበቃትም ማለት ነው። ውሃው ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ጉዳት የለውም፤ ንጹሕ ይሁን እንጂ። ሕፃኑ ግን እስከ 6 ወር በአዳማ ሙቀትም ቢሆን ውሃ አያስፈልገውም። ከእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ቅቤና የስኳር ውሃ ማላስ ደግሞ ጨጓራውን ሞልቶ ከጡት ያስቀረዋል፤ ያልተሳበ ጡት ወተቱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው። አራስ ስታተኩስ «ምች መታት» ይባላል። ዳማከሴ ይታሽላታል፣ ትታጠናለች፣ ላብ እንዲወጣት ትሸፈናለች። በዚህ መሐል የሚያልፈው ሰዓት ነው የሚጎዳት። ትኩሳቱ ከማሕፀን፣ ከሽንት ቧንቧ፣ ከጡት ወይም ከስፌቱ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ከወባም ሊሆን ይችላል። ከማሕፀን የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ላይ ይደርሳል። በሞቀ ክፍል ውስጥ የተሸፈነች ሴት ሁልጊዜም ስለምትግል፣ ግንባሯን በእጅ መዳሰስ ምንም አይነግርም። ከፋርማሲ አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይገዛ። ብርድ ልብሱ ይነሣላትና 15 ደቂቃ ትቆይ፤ የብብቷ ላብ ይጠረግ፤ ጫፉ ብብቷ መሐል ገብቶ ድምፁ እስኪሰማ ክንዷን ገጥማ ትያዝ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። 38 ባይደርስም ካንቀጠቀጣት፣ ሆዷ ግርጌ ሲነካ ካመማት ወይም ፈሳሹ ከሸተተ ያው ነው። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ጡት በወተት ሲወጠር ትንሽ ሙቀት ሊኖር ይችላል፤ «ወተቱ ነው» የሚባለው ግን ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ራስ ምታትም እንዲሁ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ካለ የደም ግፊት ይለካ። ግፊት ከወሊድ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላል፤ በእርግዝናዋ ደህና የነበረችውንም አይምርም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም። ከሰሉ ከክፍሉ ከወጣ ይህን ራስ ምታት ከጋዙ ጋር የሚያምታታው አይኖርም።

ደሙ በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ቀይ ነው፤ ከዚያ ቡናማ፣ ከ10 ቀን ገደማ በኋላም ነጣ ያለ ይሆናል። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ መኪና ይፈለግ። መተኛትም ልክ አለው፤ ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ተደግፋም ቢሆን ክፍሏ ውስጥ ትራመድ። በዚህ ወቅት ደም በቀላሉ ስለሚረጋ፣ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ካመማት መታሸት የለበትም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

«ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አትወጣም» የምትሉ እናቶችን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ከወለደች በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ትቆይ። ከዚያም በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት ትታይ። መውጣቷ ካስፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወደ ቤት ጥሩልን። ካልሆነም የባጃጁ ሸራ ይውረድ፣ ነጠላዋን ትከናነብ፣ እናቷም አብራት ትምጣ።

አዋላጅ ነርሶች
አዳማ