«ተቀናሽ» ሲባል ለማን ነው የሚቀነሰው? ለቅዳሜው ጠረጴዛ የድጋፍ ጥሪ

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን፣

ባለፈው ዓመት፣ በ2024 ዲሴምበር ላይ አንዲት እናት በስልክ አስተርጓሚ እየታገዙ የጤና ኢንሹራንስ ይመርጡ ነበር። ዕድሜያቸው 58 ነው። ሰው ቤት ልጆች ይጠብቃሉ፤ በዓመት 28,000 ዶላር ገደማ ያገኛሉ። አስተርጓሚው ሥራውን አልበደለም፤ የሰማውን ቃል በቃል ነው የመለሰው። ዲዳክቲብል የምትለዋ ጋ ሲደርስ «ተቀናሽ» አለ። «የዚኛው ፕላን ተቀናሹ ሰባት ሺህ ዶላር ነው፣ የዚያኛው ስምንት መቶ።» እሳቸውም ማናችንም እንደምናደርገው ሰባት ሺህ የሚቀነስላቸውን መረጡ። ወርሃዊ ክፍያውም ዜሮ ነበር። ስልኩን ዘግተው ተመስገን ብለው ቡና አፈሉ።

ማርች ላይ የሐሞት ጠጠር ተነሳባቸው። ሌሊቱን አምቡላንስ፣ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና። ኢንሹራንስ አለኝ ብለው ስለነበር ስለ ገንዘቡ አላሰቡም። ተቀናሹ ለእሳቸው ሳይሆን ከእሳቸው የሚቀነስ መሆኑ የገባቸው ፖስታው ሲመጣ ነው። ኢንሹራንሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት የመጀመሪያውን ሰባት ሺህ የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። የያዙት ብሮንዝ የሚባለውን ደረጃ ነበር። በእሳቸው ገቢ ሲልቨር ቢይዙ ኖሮ መንግሥት በወርሃዊ ክፍያው ላይ ብቻ ሳይሆን በዚሁ በተቀናሹም ላይ ይደጉማቸው ነበር። ይህ ሁለተኛው ድጎማ ሲልቨር ለያዘ ብቻ ነው፤ ብሮንዝ የያዘ ሰው ገቢው ምንም ቢያንስ አያገኘውም። ሲልቨሩ ለእሳቸው በወር 40 ዶላር አይሞላም ነበር።

ቢሉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ቅዳሜ ዕለት ሰው ኢንሹራንስ እንዲመዘገብ በነጻ ወደምናግዝበት ጠረጴዛችን መጡ። በሜሪላንድ ሕግ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እጥፍ ያልበለጠ ሰው አስፈላጊ የሆነውን የሆስፒታል ሕክምና በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ ማመልከቻውን ግን መሙላት ያስፈልጋል። ሞላን። የሆስፒታሉ ሂሳብ ተሰረዘ። ቀዶ ሐኪሙና ማደንዘዣ ሰጪው ሂሳባቸውን ለየብቻ ስለሚልኩ የእነሱ አልተሰረዘም፤ እትዬ እስከዛሬ በወር 75 ዶላር እየከፈሉ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ገንዘብ ልጠይቃችሁ ስለሆነ በቀጥታ ልናገር። ለዘንድሮው (ከኖቬምበር 2025 እስከ ጃንዋሪ 2026) የምዝገባ ወቅት 12,000 ዶላር ያስፈልገናል። 3,150ውን የእድራችን አባላት አዋጥተዋል። የቀረው 8,850 ነው።

ጠረጴዛ ስል የእውነት ጠረጴዛ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ፣ ቡናው የሚፈላበት አጠገብ፣ ሁለት ላፕቶፕና አንድ ብዙ ጊዜ የሚያኮርፍ ፕሪንተር። ስድስት በጎ ፈቃደኞች ነን፤ የስቴቱን ሥልጠና ወስደናል። እኔ ራሴ በሥራ ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነኝ፤ እዚያ የመድኃኒቱን ዋጋ ሰምቶ ባንኮኒው ላይ ትቶት የሚሄድ ሰው በየቀኑ ስለማይ ነው ቅዳሜዬን ለዚህ የሰጠሁት። ችግሩ ቅዳሜ ከሰዓት ለሦስት ሰዓት ብቻ መሥራታችን ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ወገናችን ደግሞ በአብዛኛው ቅዳሜ የሚሠራው ነው፦ ፓርኪንግ ላይ ያለው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ ኡበር የሚነዳው፣ አረጋውያን ቤት የሚያድረው። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት ሰዎችን በሰዓት 22 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ለ11 ሳምንት ልንቀጥር ነው። 9,680 ዶላር ይሆናል። ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት ይቀመጣሉ፤ አንዷ አማርኛና ትግርኛ፣ አንዱ አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራሉ። የተረፈው 2,320 ለስልክ መስመር፣ የማያኮርፍ ፕሪንተርና ስካነር ለመግዛት፣ እንዲሁም ቃላቱን በሰው አማርኛ የምታስረዳ ትንሽ መጽሔት ለማሳተም ነው።

የኡበሩን ጉዳይ ላብራራው፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ስህተት ያለው እዚያ ነው። አንድ ወንድማችን፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ኢንሹራንስ ኖሯል። ለምን አላመለከትክም ስንለው «ገቢዬ ስድሳ አራት ሺህ ነው፤ ለእኔ ማን ይሰጠኛል?» አለ። ቁጥሩን ያገኘው ኡበር ከላከለት የታክስ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ግን ተሳፋሪው የከፈለውን በሙሉ ነው የሚያሳየው፤ ኩባንያው ገና ከመነሻው የወሰደው ድርሻና ክፍያ 17,000 ያህል እዚያው ውስጥ አለ። በ2024 ለሥራ 30,000 ማይል ነድቷል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ በዚያ ዓመት ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም እንዲቀነስ ይፈቅድ ስለነበር ይህ 20,100 ዶላር ነው። ስንቀንሰው የቀረው 26,900። ጤና ኢንሹራንስ የሚያየው ይህን የተጣራውን ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ በሜሪላንድ የአዋቂዎች ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) የገቢ ጣሪያ በ2025 ስሌት 44,000 ዶላር ገደማ ነበር። እሱና ሚስቱ ግሪን ካርድ ከያዙ ከአምስት ዓመት በላይ ስለሆናቸው አራቱም ገቡ። ልጆቹማ ገቢው የእውነት 64,000 ቢሆንም ይገቡ ነበር፤ የልጆች ጣሪያ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ በራሱ ላይ ፈርዶ ነው የተቀመጠው። «ለካ ሀብታም አይደለሁም» ብሎ ሳቀ፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

ሌላው ስማችን ነው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ አባት የአያቱን፣ ሚስት የራሷን አባት። ኮምፒውተሩ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ሲያይ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው ብሎ ያስባል። የልደት ቀን ደግሞ አለ፤ ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ በሰባት ዓመትና በስምንት ዓመት መካከል የጠፋ፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ሌላ የሆነ። እንዲህ ያለውን ለማስተካከል አንዳንዴ ሁለት ሰዓት በስልክ ሙዚቃ መስማት ነው፤ ሰው ቅጠሩልን የምንለው ለዚህም ነው።

ፖስታም አለ። በፌስታል ሞልተው የሚያመጡልን አሉ፤ አንድም ያልተከፈተ። አልፈርድባቸውም። እንግሊዝኛ፣ በዚያ ላይ ሁሉም ቢል ይመስላል። ሜዲኬይድ ግን በየዓመቱ ይታደሳል፤ የእድሳቱ ደብዳቤ መልስ ካላገኘ ሰውዬው እንደተመዘገበ እያሰበ ከመዝገብ ይወጣል። በኮሮና ጊዜ ከማርች 2020 ጀምሮ እድሳቱ ቆሞ ስለነበር ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚቀጥል ነገር አድርጎ ለምዶታል። በ2023 እንደገና ሲጀመር፣ ብቁ ሆነው ሳለ በወረቀት ብቻ የወጡ ጎረቤቶቻችንን እስካሁን መልሰን እያስገባን ነው።

አሁን ደግሞ ለምን ዘንድሮ እንደተጣደፍን። ከ2021 ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያን ያቀለለው ተጨማሪ የፌዴራል ድጎማ በዲሴምበር 31፣ 2025 ያበቃል፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜ ኮንግረስ አላራዘመውም። ሜሪላንድ ለ2026 ከራሷ በጀት ክፍተቱን በከፊል ለመሙላት ወስናለች፤ ለማን ስንት እንደሚደርስ ግን በገቢ ስለሚለያይ እያንዳንዱን ሰው ቁጭ አድርጎ ማስላት ይጠይቃል። ዲቪ ደርሷቸው የመጡ አዋቂዎች ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው መደበኛውን ሜዲኬይድ አያገኙም፤ ከእነሱ ውስጥ ገቢያቸው ከድህነት መስመር በታች የሆኑት እስካሁን ሰው ፕላን በሚመርጥበት በስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ድጎማ ያገኙ ነበር፤ ይህ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይቀራል። ገቢውን አሳንሶ ገምቶ ትርፍ ድጎማ የወሰደ ሰው ከዚህ በፊት የሚመልሰው ጣሪያ ነበረው፤ ከ2026 ጀምሮ ያለ ጣሪያ ይመልሳል። ሹፌሮች፣ ይህቺን ደግማችሁ አንብቡ። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ በስደተኝነትና በጥገኝነት የገቡ፣ ገና ግሪን ካርድ ያልያዙ ወገኖቻችን የፌዴራሉን ሜዲኬይድ ያጣሉ። በ2027 ሜዲኬይድ የሚወስዱ ብዙ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን በወረቀት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የሚሠራ ሰው አጥተን አናውቅም፤ ወረቀቱን በጊዜው የሚልክ እንጂ።

«ለዚህ እኮ መንግሥት የቀጠራቸው ሰዎች አሉ» የሚል አይጠፋም። አሉ፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ራሳችንም ወደ እነሱ እንልካለን። ድንበሩን ተሻግሮ ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለው፤ በእሱ መሠረት ዋና ዋና የመንግሥት ፎርሞች ወደ አማርኛም ይተረጎማሉ፤ ያም ሆኖ ፎርም ተተረጎመ ማለት ነገሩ ገባን ማለት አይደለም። እኛ ጠረጴዛ ላይ ኢንሹራንስን የምናስረዳው በእድር ነው። በየወሩ ታዋጣለህ፤ ዘንድሮ ካንተ ቤት ለቅሶ ባይኖርም ገንዘቤ ተበላ አትልም። ይህን ሲሰሙ «እንዲያ በለኝ!» ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ተቀናሹ ማውራት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ሰው ሲታመም ጎፈንድሚ እንከፍታለን፤ እግዚአብሔር ይስጠን፣ በዚህ አንታማም። ባለፈው ዓመት በስልኬ ከደረሱኝ መዋጮዎች ስንቱ የሆስፒታል ቢል እንደነበር አስቡት፤ የእናንተም ስልክ ያው ነው። ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ብቁ ነበሩ፣ አልተመዘገቡም እንጂ።

ገንዘባችሁ የማንንም ወርሃዊ ክፍያ አይከፍልም፣ ለማንም በእጅ አይሰጥም። እኛ ኮሚሽን የምንበላ ደላሎች አይደለንም፤ ከምናግዘው ሰውም አምስት ሳንቲም አንቀበልም። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በስልክ በወር 190 ዶላር «ሙሉ ኢንሹራንስ» ተሸጦልኝ ስለነበር ነው፤ ሆስፒታል ስተኛ በቀን መቶ ዶላር ብቻ የሚከፍል ሆኖ ተገኘ። የመዋጮው ሒሳብ በየወሩ መጨረሻ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

መስጠት የምትፈልጉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩን ገንዘብ ያዥ አግኙ፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። በዜል የምትልኩም ቁጥሩን ከእሳቸው በአካል ተቀበሉ። እዚህ ያልጻፍነው አጭበርባሪ ስለበዛ ነው፤ በስልክ «የእድሩ ነን» ብሎ የሚደውልላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። 20 ዶላር አንድ ሰው አጠገቡ ሰው ተቀምጦለት ቅጹን እንዲጨርስ ያደርጋል ማለት ይቻላል፤ አስቸጋሪው ስም ያለው ቤተሰብ ግን መቶም ይፈጃል። የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ከገንዘቡ ሌላ ማስታወቂያችንን ካሸሩ አጠገብ ብትለጥፉልን፣ ሠራተኞቻችሁንም አንድ ማታ ቀደም ብላችሁ ብትለቋቸው ትልቅ ነገር ነው። ሒሳብ አዋቂዎችና ታክስ ሠሪዎች ደግሞ በተለይ ትፈለጋላችሁ፤ ሹፌሮቹን ለብቻችን አልቻልናቸውም።

ግሪን ካርዴን ወይም ዜግነቴን ያበላሽብኛል ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ሜዲኬይድ መውሰዱ የመንግሥት ሸክም ነህ ተብሎ አያስከለክለውም። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ግን እኛን ሳይሆን ጠበቃ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የጠበቃ ቀጠሮ እናስይዛለን።

ምዝገባው የሚከፈተው ኖቬምበር 1፣ 2025 ነው፤ ዘንድሮ ቅዳሜ ላይ ስለዋለ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ይዘረጋል። እስከ ዲሴምበር 31 የጨረሰ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሸፈናል፤ በሩ የሚዘጋው ጃንዋሪ 15፣ 2026 ነው። ሜዲኬይድ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ሥራ ለቃችሁ ኢንሹራንስ ያጣችሁ ወይም ገና የመጣችሁ 60 ቀን አላችሁ። ቡናውን እትዬ ያፈላሉ፤ ስለ ተቀናሽ ጠይቋቸው፣ ከእኔ የተሻለ ያስረዳሉ። የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስ ወረቀት፣ የሁሉም የቤተሰብ አባል መታወቂያና ሶሻል ይዛችሁ ኑ። ፌስታሉንም፣ ፖስታዎቹን ሳትከፍቱ።