የደነገጠ ሁሉ ፈሪ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ጭንቀትን «የሐሳብ ድክመት» ብለውታል። በደሴ ከተማ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው በመሆኔ ይህን አንብቤ ማለፍ አልሆነልኝም።

በቅርቡ 10ኛ ክፍል እያስተማርሁ ሳለ ከአጥራችን ውጭ የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈነዳ። ግማሹ ተማሪ ሳቀ፤ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ግን ዴስክ ሥር ገብቶ ነበር፤ ሲወጣም እጁ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ መያዝ አቃተው። አጠገቡ ያለው ጓደኛው «ፈሪ!» አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ይህ ልጅ በስንት ዓመቱ እንደነበር አንባቢ ራሱ ያስላው።

ልጁ ለመፍራት እንኳ ጊዜ አላገኘም። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል፣ ድምፁ የጎማ ይሁን የሌላ ተመዝኖ ሳይለይ፣ የአደጋውን ምልክት የሰውነትን ውስጣዊ ሥራ ለሚቆጣጠረው ሌላ የአንጎል ክፍል፣ ለሃይፖታላመስ፣ ያቀብላል፤ ከዚያ በነርቭ የሚወርደው ትእዛዝ በኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ዘንድ ሲደርስ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ያወጣል፤ ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው። (ለደነገጠ ሰው ስኳር በጥብጦ ማጠጣት ደግነቱ ባይካድም፣ የሚደርሰው ጉበቱ ከቀደመ በኋላ ነው።)

ሁለተኛው መንገድ አዝጋሚ ነው። ሃይፖታላመስ በሆርሞን ከአንጎል ሥር ያለውን ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፣ ፒቱታሪም በሌላ ሆርሞን አድሬናልን፤ በዚህ መንገድ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ልጁ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ሲጠይቁት ፈዝዞ መቅረቱ ማስመሰል አልነበረም። በደኅናው ጊዜ ኮርቲሶሉ ራሱ ወደ አንጎል ተመልሶ «በቃ» ይለዋል፤ ስጋቱ ሳያባራ ሲከርም ግን ይህ ልጓም ይላላና እንቅልፍ ይታወካል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል።

ጭንቀት በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ያጠኑት የሆርሞን ሊቅ ሃንስ ሰልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ በተለያየ መንገድ የተጎዱ አይጦች አድሬናል ዕጢያቸው አብጦ ጨጓራቸው ቆስሎ መገኘቱን ገልጸዋል። አይጥን በሐሳብ ድክመት የሚወቅስ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጸሐፊው ወደ ደሴ ብቅ ካሉ ቡና አፍልተን እንጫወታለን፤ ካፌይንም አድሬናሊንን ከፍ ያደርጋልና አቦሉን ቀጠን አድርገን።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ