አሰልጣኝ ብቀይር ምን አለበት?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ሜዳ ቴኒስ የሚማር ሰው ከአንድ አሰልጣኝ ጋር ይጽና ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም።

ራኬት የያዝኩት በ34 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው አሰልጣኜ ፎርሃንድ (በእጅ መዳፍ በኩል የሚመታው ምት) ሲያስቸግረኝ መልሱ አንድ ነበር፦ «በርቺ፣ ጉልበት ጨምሪ!» ጨመርኩ። ኳሱ ከኋላ መስመር አልፎ አጥር ጋ ይቆማል። ሁለተኛው ግን ቆም ብሎ አየኝና ራኬቱን ከኳሱ በታች አስጀምሬ ወደ ላይ እየጠረግሁ እንድመታ አሳየኝ፤ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ይበራል፣ ካላሽከረከርሽው አይወርድልሽም አለኝ። በሳምንቱ ኳሴ ሜዳ ውስጥ መውደቅ ጀመረ።

ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው። ስለ እጅ አያያዝ ትንፍሽ አላሉም። «ሲጨንቅሽ አግድም ምቺ» ብቻ፤ ማለትም ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መረቡ መሀሉ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዳሩ ላይ 107 ነው፤ አግድም የተመታ ኳስ በዝቅተኛው መሀል በኩል ያልፋል፣ መንገዱም ይረዝማል። ይህን እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም!

የስዊዘርላንዱ የቴኒስ ኮከብ ፌደረር እንኳ ያን ሁሉ ዋንጫ ከወሰደ በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ስዊድናዊ ተጫዋች ኤድበርግን በአሰልጣኝነት ጨምሯል፣ ወደ መረብም አዘውትሮ መውጣት ጀመረ።

በእርግጥ ሰርቭ (ኳሱን የሚያስጀምረውን ምት) በአንድ ሳምንት ከሁለት ሰው መማር ያምታታል፣ ደርሶብኛል። ግን እስቲ አሰልጣኞቹን ጠይቁልን፦ ተማሪ ሌላ ጋ ሄዶ ሲመለስ ለምን ታኮርፋላችሁ?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ