ማርሽ እምቢ ባለ ቁጥር ካምቢዮ አይወርድም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ አዲስ አበባ ማርሽ አልገባ ባለ ቁጥር ሳያዩ ሳይመረምሩ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» የሚሉ ጋራዦች አሉ፣ በተለይ የሚኒባስ ሹፌሮች በጣም ያሳዝኑኛል፣ መኪናው በቆመ ቀን ገቢ የለማ!

የፍሪሲዮን ሸራ (የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮ የሚያስተላልፈው ክብ ሳህን) ማለቅ እኮ የራሱ ምልክት አለው፣ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮሃል መኪናው ግን አይጎትትም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ቃጠሎ ይሸታል። ለማረጋገጥ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ሦስተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት፣ ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ይይዛል ማለት ነው፣ ካልጠፋ እየተንሸራተተ ነው። ደጋግማችሁ ግን አትሞክሩት ያቃጥለዋል።

ማርሽ እምቢ ካለ፣ የኋላ ማርሽ ሲገባ ከተንኳኳ ወይ ፔዳሉ ታች ከቀረ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ በደንብ አለመላቀቁ ነው። ፍሪሲዮኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ዘይቱ ጎድሎ እንደሆነ፣ የላይኛውና የታችኛው ፓምፕ ጎሚኒ ያፈስ እንደሆነ ይታይ፣ በገመድ ከሆነም ገመዱ ይታይ፣ ይሄን ለማየት ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ ነገር ካለ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን መኪና ይዞ መቆምም ሸራ ይጨርሳል፣ የእጅ ፍሬን አለ አይደል እንዴ?

እባካችሁ ጎበዝ መካኒክ አነጋግራችሁ በሰፊው አውጡልን፣ ጋራዦችም የፈቱትን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ እንዲያሳዩ ጻፉበት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ